ገንዳው በማን ደጅ?

«ና… ና… አሁንም ና!»

ቃሪያ ሁለት እጇን እያወዛወዘች የቆሻሻ ገንዳ የጫነውን መኪና ወደ ኋላ ታስመጣዋለች። መኪናው እያቃሰተ፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ወደ አንድ ነጭ በር ይጠጋል። በሩ ላይ ፊኛ ተሰቅሏል። ዛሬ እዚህ ቤት የምረቃ ግብዣ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ እንግዳ ይጎርፋል። ቃሪያ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለምታውቅም ነው የመጣችው።

ቃሪያ ያላት የሒሳብ መምህሯ ነው። ክፍል ውስጥ ያሾፈባትን ልጅ በሦስት ቃል አቃጥላ ስታስቀምጠው ሰማና ስሙን ለጠፈባት፤ ተለጥፎ ቀረ። ነጩ በር ደግሞ ከረሜላ የምትባለው ልጅ ቤት ነው። ከረሜላ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ነበረች ነው የምላችሁ።

ገንዳው ድሮ ከመንገዱ ጫፍ ነበር። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ይነሣ ተባለና ሰፈሩ ለስብሰባ ተጠራ። ያን ቀን ያልተባለ ነገር የለም! ፀጉር ቆራጩ «ከተማችን ጽዱ ትሁን፤ በደንበኞቼ አፍንጫ ሥር ግን አይሆንም» አለ። የታክሲ ሾፌሩ «እኔ ግብር ከፋይ ነኝ!» ብሎ ፎከረ፤ ሌላው የማይከፍል ይመስል። ጡረታ የወጡት መምህር በሌላ አገር ገንዳ መሬት ውስጥ እንደሚቀበር ሲያስረዱ ግማሹ ሰው እንቅልፍ ወሰደው። ብቻ ገንዳ አያስፈልግም ያለ አንድም የለም፤ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ደጅ ያልቀሰረም የለም።

በመጨረሻ የሰፈሩ አስተዳደር ሰብሳቢ ክራቫታቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ወገኖቼ፣ ሽታ የአመለካከት ጉዳይ ነው! እኔ በበኩሌ ቢሮዬ በር ላይ ቢያስቀምጡት እንኳ ቅር አይለኝም» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ሲበርድ ግን ገንዳው ወይ ነጩ በር ላይ፣ ወይ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ይሁን ብለው አረፉት።

ልብስ ሰፊዋ የቃሪያ እናት ናት። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ቤት ልብስ ልትለካ ሄዳ ስለነበር አልተገኘችም፤ ቃሪያም አብራት ነበረች። ይኼኔ ከረሜላ ብድግ አለች። በዚያ ማር በሆነ ምላሷ፣ «የቃሪያን እናት እኔ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ደጃችን ላይ ቢሆን ግድ የለም ብለዋል» አለች። ማን ይጠራጠራት? የቤታቸው ልጅ አይደለች!

የቃሪያ እናት በማግስቱ ሁሉን ሰምታ አቤት ልትል ብትሄድ፣ ሰብሳቢው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ሳቁባት። ገንዳው ከስፌት መስኮቷ ፊት ለፊት ተጎለተ። የሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሙሽራ አፍንጫዋን ይዛ ከበር ተመለሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እናቷ ዝንቡን ፈርታ መስኮቱን ዘግታ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ያለችውን ጥቂት ሥራ ትሰፋለች። ቃሪያ አላለቀሰችም። ጥርሷን ነከሰች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ብድር በምድር ብላ ቀኗን ጠበቀች።

ቀኑ ዛሬ ነው። የገንዳ መኪናው መጀመሪያ ባዶውን ያወርዳል፣ ከዚያ ሙሉውን ጭኖ ይሄዳል። ሾፌሩ ከኋላ ያለውን በደንብ ስለማያይ፣ ገንዳው የሚያርፈው ሰው እጁን ያወዛወዘለት ቦታ ነው። አንዴ ካረፈ እስከ ሳምንት የሚያነቃንቀው የለም። ቃሪያ መንገድ ላይ አስቁማው «ጋሼ፣ ቦታው ተቀይሯል» አለችው። «ጥሩ፣ አሳዪኝ» አለ ሾፌሩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነጩ በር ተከፈተ። ከረሜላ ያልተነፋ ፊኛ በእጇ ይዛ ወጣች፤ መኪናውን ስታይ ክው አለች።

«ምን እያረግሽ ነው?»

«ከተማዋን እያጸዳሁ።»

«ዛሬ የእህቴ ግብዣ ነው እኮ! በእናትሽ!»

«እናትሽንማ ጠይቄያታለሁ» አለች ቃሪያ ድምፅዋን አለስልሳ። «ደጃችን ላይ ቢሆን ግድ የለም ብላለች።»

የከረሜላ ፊት አመድ መሰለ። የቃሪያ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ስንት ቀን አልጋዋ ላይ ሆና ያለመችው ይህንን ፊት ነበር።

«አባቴ ነው እንዲህ በይ ያለኝ» አለች ከረሜላ። «ሰብሳቢው ለብቻው ጠርተው፣ ከሁለቱ በር አንዱ ነው፣ እናንተው ተጨራረሱ ሲሉት…»

«አፉ ግን ያንቺ ነው።»

«አዎ፣ የኔ ነው።» ከዚህ በኋላ ምላሷ ማሩ አለቀበት። «ዋሸሁ። ቤታችሁ በልቼ፣ ጠጥቼ ዋሸሁባችሁ።»

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ኧረ እናንተ ልጆች! እዚህ ነው አይደለም? ተቀይሯል አላልሽኝም እንዴ?»

«ተቀይሯል? ማን ቀየረው?» አለች ከረሜላ።

ቃሪያ የራሷን ውሸት በሌላ ሰው አፍ ስትሰማው አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። «እናንተው ተጨራረሱ» የሚለው ቃል አልዋጥ አላት። እውነትም ተጨራርሰዋል። እሷና ከረሜላ በትምህርት ቤት አጥር ሥር ተያይተው ፊት ሲዟዟሩ፣ ሰውዬው ክራቫታቸውን አሥረው ንጹሕ አየር ይስባሉ!

«ጋሼ፣ ወደፊት ንዳ» አለች። «ከመታጠፊያው ወዲያ፣ አስተዳደሩ ቢሮ በር ላይ።»

«አበድሽ እንዴ? ሰብሳቢው እኔን ነው የሚበሉኝ!»

«ራሳቸው ናቸው ቅር አይለኝም ያሉት። ሰፈሩ ሁሉ አጨብጭቧል።»

ሾፌሩ ወደ ከረሜላ ዞረ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው። ይሄንንስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። «እሳቸው ካሉማ!»

ቅዳሜ ስለሆነ ቢሮው ዝግ ነው። ቃሪያ በግራ፣ ከረሜላ በቀኝ ቆመው «ና! ና! በቃ!» አሉ፤ ገንዳው የሰብሳቢው መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ዷ ብሎ አረፈ። መኪናው ሙሉውን ሊያነሣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ሄደ።

«ሰኞ ማነው ያስቀመጠው ቢሉስ?» አለች ከረሜላ።

«እኔ ነኝ እላለሁ። ሾፌሩንም የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ስለ እናቴ ያልሽውን ትናገሪያለሽ። እዚያው አዳራሽ፣ ቆመሽ፣ አባትሽ እየሰማ።»

«እሺ» አለች ከረሜላ። «ግብዣው ላይስ አትመጪም?»

«ሰኞን ልየው» አለች ቃሪያ።

ቤት ስትደርስ ከደጁ ላይ ገንዳው ተነሥቷል። ገብታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አንቺ ልጅ፣ ዝንቡ!» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ዝንቡ ቢሮ ገብቷል፣ እማዬ።»

ከነጩ በር በኩል ሙዚቃ ተሰማ። እግሯ ሊሄድ ቃጣው፤ አልለቀቀችውም። ክርና መርፌ አነሣችና፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ቁልፍ መትከል ጀመረች።