ሙኒራ ከዳምቦያ ያመጣችው የቀለም ሳጥን

ውሸታም የሚለኝ ይበለኝ። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ሆሳዕና፣ ነሐሴ 1991 ዓ.ም.። ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል...

ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ አጣቢ ነበርኩ። ሙኒራ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በውሃ ቀለም ትቀባለች። በብዛት የሚመጣላት የሟች ፎቶ ነው።

አሮጌ የቀለም ሳጥን መሰብሰብ ትወዳለች። ዘጠኝ የቆርቆሮ ሳጥን ነበራት፣ ሁሉንም ትሠራባቸዋለች። "አዲስ ቀለም ፊት ላይ ይጮሃል፣ አሮጌው ነው ቆዳ የሚመስለው" ትላለች።

አንድ ክፉ ልማድ ግን አለባት። ብሩሹን በምላሷ አርጥባ በከንፈሯ ታሾለዋለች።

"የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!" እያልኩ እስቅባት ነበር።

ባሏ ሪያድ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ሰኔ ላይ ከሺንሺቾ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፣ አላህ ይርሐመው።

ሙኒራ አላለቀሰችም። ደንዝዛ ቀረች።

"ነስሩ፣ ዕንባ እምቢ አለኝ" አለችኝ አንድ ቀን፣ ስለ ገበያ የምታወራ ይመስል።

ፎቶ መነሳት ስለማይወድ ከሪያድ የቀረው የመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ብቻ ነው። እሱን አሳደግኩላት። አፉን ግጥም አድርጎ ኮስተር ብሏል።

"መልኩ እየጠፋብኝ ነው" አለች። "ይቺን ቀብቼ ካላስቀረሁት፣ በቃ ጠፋ።"

ለሱ ብላ ዳምቦያ ገበያ ድረስ ሄዳ አሥረኛውን ሳጥን ገዛች። የሸጡላት አስካለች የሚባሉ አሮጊት አንድ ነገር ብቻ አሏት።

"ልጄ፣ ምራቅሽን እንዳትሰጪው።"

ያን ሐሙስ ሳጥኑን ስትከፍተው ቀለሞቹ እርጥብ ናቸው።

"ውሃ ጨመርሽበት እንዴ?"

"ኧረ አልነካሁትም..."

የሪያድን ግንባር ቀባች። ከዚያ ሳታስበው ብሩሹን አፏ ውስጥ ከተተችው።

"ሙኒራ! ሴትዮዋ ምን አሉሽ?"

"ውይ፣ ረሳሁት..." ምላሷን መጠጥ መጠጥ አደረገች። "ጨው ጨው ይላል።"

ጉንጩን መቀባት ጀመረች።

"ነስሩ... ሪያድ የተሸረፈው ጥርሱ የቱ ነበር?"

"የግራው ነዋ! ስትስቂበት አልነበር?"

"እህ..."

ብሩሹ ተመልሶ አፏ ገባ።

"ድምፁስ? ወፍራም ነው ቀጭን?"



"ተይው በቃ!" ብዬ እጇን ያዝኩ። እጇ በረዶ ነው።

"ትንሽ ቀረኝ" አለችና ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀችኝ።

ፎቶው ወላሂ ነፍስ ዘርቷል። ጉንጩ ሞቅ ብሏል። እሷ ግን የምትቀባው ሰው ፊት አይመስልም፣ ግድግዳ የምትቀባ ነው የምትመስለው።

መጨረሻ ላይ ከንፈሩን ቀባች። ብሩሹን ላሰችውና አስቀመጠችው።

የስድስት ዓመት ልጇ ሀናን በዝናብ ረጥባ እየሮጠች ገባች።

"እማ! አባዬን ጨረስሽው?"

ሙኒራ ልጅቷን አየች። ፎቶውን አየች።

"የማንን አባት?"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ቀልድ የለበትም።

ሀናን ማልቀስ ጀመረች። ሙኒራ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ ከታ ላዩ ላይ ጻፈችበት። "ስሙ ያልታወቀ። ደንበኛው ሲመጣ ይሰጠው።" ያልተወሰዱ ፎቶዎች የሚቀመጡበት መሳቢያ ውስጥ አስገባችው።

መሳቢያውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉም እኔው ኪስ ውስጥ አደረ።

ጠዋት ስንገባ ሙኒራ ብሩሹን ፈልጋ አጣችው። ጠረጴዛው ላይ የለም፣ ሥሩም የለም...

መሳቢያውን ከፈትኩት።

ብሩሹ ፖስታው ውስጥ ነው። እርጥብ ነው፣ ጫፉም ሹል ብሏል።

ፎቶውን ሳብ አደረግኩት። ሪያድ አፉን ከፍቷል። የተሸረፈው የግራ ጥርሱ ይታያል።

ሙኒራ በትከሻዬ አሻግራ አየችው።

"ጥርሱ ደስ ሲል" አለች። "ማነው?"

ብሩሹን ከእጄ ወስዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ግን ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት...

ምላሱ ላይ ቀለም ነበረበት።