ሳይከፈት የተገዛው ኮምፒውተር

ባለቤቴ ታክ ሰው ማስቀየም አይሆንለትም። ጎረቤት የላከው ሾርባ ጨው ቢበዛበትም «ጣት ያስቆረጥማል» ብሎ ይደገመኝ የሚል ሰው ነው። አብሬው ስኖር በዚህ ጠባዩ ስስቅ ኖሬያለሁ፤ ዘንድሮ ግን አላሳቀኝም። የምነግራችሁ ባሌን ለማማት አይደለም፣ እሱም «ንገሪያቸው» ብሎኛል። በአሮጌ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ያላችሁ ሁሉ ብትሰሙት ይጠቅማችኋል።

የምንኖረው ከሜኮንግ ወንዝ በሚወጣ ቦይ ዳር ነው፤ የገበሬ ማኅበራችን ሥራም ዱሪያን የሚባል እሾሃማ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ችግኝ ማፍላት ነው። በበጋ ወንዙ ሲያንስ የባሕሩ ጨው በቦዩ ሽቅብ ይመጣል፤ የዱሪያን ችግኝ ደግሞ ጨው አይችልም። ለዚህ ብለን በቦዩ አፍ ላይ ጨው የሚለካ መሣሪያ ተክለናል። መሣሪያው ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ጨው ሲበዛ ፓምፑን ያጠፋል። ፕሮግራሙን የሠራልን ሰው ከሞተ ቆይቷል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጭኑት አይነሳም፤ የመሣሪያው ገመድ የሚሰካበት ሰፊ ሶኬትም አዲሶቹ ላይ የለም። ሁሉን በአዲስ እንለውጥ እንዳንል የማኅበሩ አቅም አይፈቅድም። ስለዚህ ለኛ አሮጌ ኮምፒውተር የግድ ነው።

በበጋው መግቢያ ላይ ያ ኮምፒውተር ሞተ። ፓምፕ ቤቱ የታክ ኃላፊነት ስለሆነ ካን ቶ ከተማ ሄዶ ሌላ እንዲገዛ ተወሰነ። ከመሄዱ በፊት ኮምፒውተር የምትጠግነው የእህቱ ልጅ ዲየፕ መጣች።

«አጎቴ፣ የሚያብረቀርቀውን እንዳያዩ» አለችው። «ቢሮ ውስጥ ሲሠራ የኖረ፣ ወፍራም፣ መልከ ጥፉውን ይምረጡ። ክዳኑን ያስከፍቱ። ቦርዱ ላይ እንደ ትንንሽ ጣሳ የቆሙ ነገሮች አሉ፤ አናታቸው ያበጠ ከሆነ ይተዉት። ፕሮግራሙን በዲስክ ይዘው ይሂዱና እዚያው ጭነው ግማሽ ቀን ያሠሩት። ከተስማማዎት አንድ ዓይነቱን ለመለዋወጫ ይጨምሩ።»

«ግማሽ ቀን ሰው ሱቅ ውስጥ ልጎለት?»

«አዎ፣ ይጎለቱ። ወንበር አይከለክሉዎትም።»

ታክ በመጀመሪያው ጀልባ ሄደ፤ ሲደርስ ያገለገለ ኮምፒውተር ሻጯ ሱቋን ገና እየከፈተች ነበር። እኛ ዘንድ ማለዳ ቀድሞ የገባ ደንበኛ ጠያይቆና አገላብጦ ሳይገዛ ከወጣ የሻጩ ቀን ተበላሸ ማለት ነው። አንዳንዱማ ከኋላው ወረቀት አቃጥሎ ገደቢስነቱን ያባርራል። ታክ ይህን እያወቀ እንዴት አድርጎ ክዳን ያስከፍት? ሻጯ የጠቆመችውን፣ ፊቱ የተወለወለውን አንዱን ኮምፒውተር ሲበራ አየና ተሸክሞት መጣ።

«ከፈቱት?» አለች ዲየፕ ገና ከጀልባው ሳይወርድ።

«በርቷል እኮ።»

«መብራቱን አልጠየቅኩም።»

«የመጀመሪያ ደንበኛ ነበርኩ ልጄ። በጠዋቱ ሰው ላይ ገደቢስ ልሁን? ምን ትለኛለች?»

«ሴትዮዋን የሚያዩዋት አንድ ቀን ነው አጎቴ። ከዚህ ዕቃ ጋር ግን በጋውን ሙሉ ነን። ቆይ፣ እኔ ልክፈተው።»

«ተይ፣ ችግኞቹ ተጠምተዋል፤ በሚሠራ ነገር ላይ አታሟርቺ» አለና ገመዱን ሰካ። አጎቷ ነውና ካቻቢቴዋን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። እኔም ወደ ጓዳዬ ገባሁ።

ጎረቤታችን ሉዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሰውዬው ከመሞቱ በፊት ግቢያቸው ካለው አሮጌ ዱሪያን ቅርንጫፍ እየቆረጠ በወጣት ግንዶች ላይ አጣብቆ ችግኝ አድርጎላት ነበር። በኋላ ዛፉንም ነፋስ ጣለው። ከዛፉም ከባሏ እጅም የቀሯት እነዚያ ችግኞች ብቻ ናቸው። የሚጠጡት ከማኅበሩ ፓምፕ ነው። ልትሸጣቸው አታስብም፤ ጠዋት ጠዋት ስታወራቸው በአጥር እሰማለሁ።

ኮምፒውተሩ ሰንበት እስኪል ደህና ሠራ። ባሕሩ ክፉኛ በሞላበት ቀን ግን ባለበት ቀጥ ብሎ ቀረ። ጭራሽ ቢጠፋ ይሻለን ነበር፣ ማያው ጨልሞ ባየን ነበር። እሱ ግን የጠዋቱን ጥሩ ውሃ ቁጥር እንዳሳየ ቆመ። ታክ ብቅ እያለ ቁጥሩን አይቶ ይመለሳል፤ ፓምፑ ደግሞ ለችግኞቹ ጨው ሲያጠጣ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሉዋ በአጥሩ ላይ ተጣራች። «ወንድሜ ታክ፣ ውሃው ጨው ጨው ይላል።»

«ኮምፒውተሩ ደህና ነው እያለ ነው እኮ እትዬ ሉዋ።»

«እንግዲያው ና ቅመሰው።»

ቀመሰ። ፊቱ ልውጥ ሲል አየሁት። ሮጦ ፓምፑን አጠፋ።

ጨው የሚታጠበው በንጹሕ ውሃ ነው፤ በዚያ ወቅት ንጹሕ ውሃ ያለው ለመጠጥ ዝናብ ባጠራቀምንበት ጋን ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጋኑን ከፈተ። ታክ የኛን እስከ ታች አሟጦ ለሉዋ ችግኞች አፈሰሰው። ያም ሆኖ የአብዛኞቹ ቅጠል ከዳሩ እየጠቆረ ረገፈ፤ የተረፉት ጥቂት ናቸው። ዲየፕ ኮምፒውተሩን ስትከፍተው አንድ ሁለት ሳይሆን ብዙዎቹ ጣሳዎች አናታቸው አብጦ ነበር። ለታክ አሳየችው።

ታክ ሉዋ ደጃፍ ሄዶ ቆመ። «ሳላስከፍት የገዛሁት ሻጯን ላለማስቀየም ብዬ ነው። አንቺን በደልኩሽ።»

ሉዋ ወደ ደጁ ወጣች። «የማታውቃትን ሴት ቀን ላለማበላሸት ብለህ የባሌን ችግኝ አደረቅህብኝ። ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ እረግምህና ይወጣልኝ ነበር።» ከዚያ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ «ሌላ ልትገዛ ስትሄድ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

እኔ፣ ታክና ሉዋ ሦስታችንም ሄድን። አሁንም በማለዳ፣ አሁንም የመጀመሪያ ደንበኞች ሆንን። ታክ በሩ ላይ ማመንታት ሲጀምር ሉዋ ቀድማው ገባችና አንዲት ገመድ አንስታ ከፈለች።

«በይ እህቴ፣ ቀንሽን ከፈትንልሽ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር አስከፍተን እናያለን፤ ስናሠራውም እንውላለን።»

ሻጯ ሳቀች። «በዚህ ነው ያኔ ወንድማችን ያላበው? ብትነግረኝ እኮ እከፍትልህ ነበር። እኔስ ውስጡን የት አውቄው፤ የመጣልኝን ወልውዬ ነው የምሸጠው። የሚያስከፍት ሰው ሲመጣ እኔም አወቅሁ ማለት ነው።»

ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛ ሥር ወፍራም፣ ቢጫ የሆነ፣ የመሥሪያ ቤት ቁጥር የተለጠፈበት ኮምፒውተር ጎትታ አወጣች። ሲከፈት ጣሳዎቹ አናታቸው ለጥ ያለ ነው። ፕሮግራሙን ጭነን፣ እሱ ሲሠራ እኛ ሩዛችንን በላን። ታክ ደግሞ በየመሐሉ መዳፉን ኮምፒውተሩ ጎን ላይ እየጫነ ሙቀቱን ያያል። ከሰዓት በኋላ እሱንና ለመለዋወጫ አንድ ዓይነቱን ይዘን ተመለስን።

ወገኖቼ፣ ይሉኝታ የጨዋ ሰው ምልክት ነው ተብለን አድገናል፤ አልክድም። ነገር ግን ሰው አምኖ የሰጠህ ሥራ እጅህ ላይ ካለ፣ ማስከፈት፣ መጠየቅ፣ ቆሞ ማየት ነውር አይደለም። አሮጌ ዕቃ ሲገዛ መልኩን ማመን አይቻልም። በይሉኝታ የምናመልጠው ውርደት የአንድ ጠዋት ነው፤ ዕዳው ግን ሱቁ ውስጥ ያልነበረ ሰው ላይ ይወድቃል።

በኋላ ሉዋ ከተረፉት ችግኞች አንዱን ይዛ መጣችና ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ተከለችው። ቅጠሉ ዳር ዳሩ አሁንም የተቃጠለ ነው።

«ይሄ ያንተ ነው» አለችው።

ታክ እንደ ልማዱ «ኧረ አይገባኝም፣ ካለሽ ላይ እንዴት እወስዳለሁ» ሊል አፉን ከፈተ። አላለም። ከቦዩ ውሃ በእፍኙ ቀዳ፣ ቀመሰው፣ ከዚያ አጠጣው።