የቤት ቁጥር አስራ ሰባት ድምፅ

እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ግን ሆኗል። በዓይኔ ነው ያየሁት... ያውም በጨለማ አይደለም። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ።

ሱሀይላ እባላለሁ። የምኖረው ጆሃንስበርግ ነው።

አጎቴ ሀጂ አብዱልወሀብ ሮዘተንቪል ሰፈር የነበራቸውን ሱቅ ሸጠው፣ ከከተማው ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ያለ የጡረተኞች መንደር ገቡ። ቤቶቹ ከሥራቸው ጎማ ያላቸው ተጎታች ቤቶች ናቸው። ሠላሳ ቤት፣ አንድ በር፣ አንድ ሴኩሪቲ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል።

ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ሲጥለው፣ ሶዌቶ የነበረኝን ሥራ ትቼ አብሬያቸው መኖር ጀመርኩ።

መንደሩ ደንብ ይወዳል። መጋረጃ ነጭ ብቻ ነው። ልብስ ደጅ አይሰጣም። ደግሞ ዕድሜው ከሃምሳ በታች የሆነ እንግዳ ከአስራ አራት ቀን በላይ አያድርም...

እኔ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ማንም ያስተዋለኝ አይመስለኝም ነበር።

የእኛ ቤት አስራ ስድስት ቁጥር ነው። አስራ ሰባት ቁጥር አንቲ ዳፍኒ ነበረች። የሰባ ስምንት ዓመት ሴት፣ ብቻዋን መራመድ የማትችል። በዚያ መንደር "ደህና አደራችሁ" ያለችን እሷ ብቻ ነች። እሷንም የእህቷ ልጅ ነበረች የምታስታምማት።

አምና ሰኔ ላይ የመንደሩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ሚስተር ስቴይን ደንቡን አነበበና፣

"የአስራ ሰባት ቁጥሯ እንግዳ ትውጣ የምትሉ፣ እጅ" አለ።

አጎቴ እጃቸውን አላነሱም። ዞረው አዩኝ።

"ያንሱ" አልኳቸው በሹክሹክታ። "ወደ እኛ እንዳይዞሩ።"

አነሱ። ደህነኛውን ግራ እጃቸውን።

አንቲ ዳፍኒ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። አየችን።

ልጅቷ ሰኞ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት በአስራ ሰባት ቁጥር በኩል ግድግዳው ተንኳኳ...

ቀስ ብሎ። ከታች፣ ከወለሉ አካባቢ።

"ወድቃ ይሆናል" አልኩ።

"ብትሄጂ፣ አንቺ ደግሞ ማን ነሽ ይሉሻል" አሉ አጎቴ። "ተቀመጪ። ሴኩሪቲው ያያታል።"

ተቀመጥኩ።

እስከ ቀትር ድረስ ተንኳኳ። ከዚያ ቆመ።

ያገኟት አርብ ነው። ኮሚቴው ለቀብሯ የአበባ ጉንጉን ላከ። ሪባኑ ላይ "ለውድ ጎረቤታችን" የሚል ተጽፎበታል።

ስለዚያ ጠዋት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ለእናንተ ነው።

ከተቀበረች በሦስተኛው ሳምንት በራችን ላይ የስብሰባ ጥሪ ተለጠፈ። አጀንዳው ቤት ቁጥር አስራ ስድስት ነው።

እኛ ነን።

ብርዱ ከባድ ስለነበር ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ከሠላሳው ቤት ሃያ ሰው መጥቶ ፈረመ። ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው፤ እኔ አልቆጠርም። አጎቴን ደግፌ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ሚስተር ስቴይን ወረቀት አወጣ።

"የጽሑፍ ቅሬታ ደርሶናል" አለና አነበበ። "አስራ ስድስት ቁጥር ያለችው ወጣት ሴት ሦስት ወር አልፏታል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሁን።"

"ማን ነው የጻፈው?" አልኩ።

ወረቀቱን አገላበጠ።

"ማን ነው?"

"ቤት ቁጥር አስራ ሰባት።"

አንድ ሰው እንኳ አልተነቃነቀም...

ጸሐፊዋ ሚስስ ንድሎቩ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "እዚያ ቤት እኮ ሰው የለም።"

"ቀኑ የዚህ ሳምንት ነው። ፊርማ አለው" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። "ቅሬታ ቅሬታ ነው። ትውጣ የምትሉ፣ እጅ።"

ጸሐፊዋ ቆጠረች። "አስራ አንድ።"

"ትቆይ የምትሉ።"

አጎቴ ግራ እጃቸውን አነሱ።

"አስር።"

ብዕሯ ቆመ።

"ሚስተር ስቴይን... የፈረሙት ሃያ ናቸው።"

"ትውጣ ያሉትን ደግመሽ ቁጠሪ።"

እጆቹ እንደገና ተነሱ። እኔም ዞርኩ።

ከመጨረሻው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል... ከሰዎቹ ትከሻ በላይ አንድ ቀጭን እጅ ተነስቷል። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል። ቆዳው ላይ ደም ደርቆ ጠቁሯል።

ከሥሩ ሰው አልነበረም።

"አስራ አንድ" አለች ጸሐፊዋ። ድምፅዋ በጭንቅ ተሰማ።

ሚስተር ስቴይን እጁን አየው። እርግጠኛ ነኝ፣ አይቶታል።

"ጽፈሽ ዝጊው" አለ። "ጸድቋል።"

ሁሉም እጁን አወረደ። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር።

"አየሻት?" አሉኝ አጎቴ።

"ማንን?"

ዋሸኋቸው።

ሰኞ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። አጎቴን ይዣቸው ልሄድ ብለምናቸው፣ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ማግስቱን ስደውል ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

"ቁርስ በልተዋል?"

"በልቻለሁ።"

"ማን ሰጠዎት?"

ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማሁ።

"ሀጂ፣ ማን ነው ያለው እዚያ?"

"ስሟን አታስጠሪኝ" አሉና ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ አላነሱም።

ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሴኩሪቲው የጠያቂ ወረቀት ሰጠኝ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። የቤታችን በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ዞሬ በመኝታ ቤቱ መስኮት አየሁ።

አጎቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው ንጹሕ ነው። ሁለቱም እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ናቸው። ጢማቸው ረጥቧል።

እያየሁት... ጢማቸው መሃል ለመሃል ተከፈለ። ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ። አሁንም አንድ ጊዜ። ማበጠሪያ እንደሚያልፍበት።

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።

አፋቸውን ከፈቱ። አኘኩ። ዋጡ።

"ሀጂ" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በጣም በትንሹ... አትግቢ ማለታቸው ነው።

ከዚያ አገጫቸው፣ ሰው በጣቱ እንደያዘው ሁሉ፣ ወደ ፊት ተመለሰ። አፋቸውም እንደገና ተከፈተ።