ሣሩ ከታጨደ በኋላ

ሐረገወይን መጀመሪያ ያየችው ጓሯቸው ውስጥ ተንበርክኮ አበባ ላይ ሲያፈጥ ነው። ሌባ መስሏት ዱላ ይዛ ቀረበች። ሰውየው ቀና እንኳ አላለም።

«ቀስ... ትበራለች» አላት።

ምትኩ ይባላል፤ ጎንደር በቅርቡ የመጣ የሳይንስ መምህር ነው። አባቷ አያ ክንዱ አራዳ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጓሮ ቢራቢሮ እንዲያይ ፈቅደውለት ኖሯል፤ ለእሷ ግን ማን ነግሯት!

የሚፈልጋት ቢራቢሮ ያን ያህል የምታምር አይደለችም፤ ቡናማ፣ ትንሽ፣ ሰውነቷ ደንደን ያለ። ሐረገወይን የእሳት እራት ናት ብላ ሳቀችበት። እሱ ሳይቀየም ስሟ ዘላይ መሆኑን ነገራት። የቀንዷ ጫፍ እንደ መንጠቆ ቆልመም ማለቱን፣ ስታርፍ የፊት ክንፎቿን አቁማ የኋላዎቹን መዘርጋቷን አሳያት። ከአጥሩ ሥር አንድ የሣር ቅጠል ገለጥ ቢያደርግ፣ አድጋ ዘላይ የምትሆነው ትል ቅጠሉን በክር ሰፍታ ውስጡ ተኝታለች።

«ያለዚህ ሣር ዘላይ የለችም» አላት።

ጥቅምትን ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣ ጓሮው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሐረገወይንም ዓይኗ ሰላ፤ ዘላይዋን ከእሱ ቀድማ ታያለች። አይታም ዝም ትላለች። ቶሎ ካያት ቶሎ ይሄዳላ!

ጎረቤት ማማት ሲጀምር አያ ክንዱ መምህሩን ጠርተው ምን ፈልጎ እንደሚመላለስ ጠየቁት። እሷ ከበሩ ጀርባ ትሰማለች።

«እኔ የምመጣው ለቢራቢሮዋ ነው፤ ሌላ ነገር የለም» አለ።

በማግስቱ ማጭድ አንስታ የአጥሩን ሥር ሣር አንድ ሳታስቀር አጨደችው። ከዚያ የተሰፋ ቅጠል እጇ ላይ ቀረና ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ምትኩ ቀረ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥም ገባ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። መጥቶ በሣሩ ቢቆጣት እንኳ በወደደች። በዚህ መሀል ከትክል ድንጋይ ከተማ አንድ ባለሀብት ሽማግሌ ላከ፤ አባቷም ለጥምቀት መልስ እንድትሰጣቸው ነገሯት። ጥምቀት ደግሞ ደረሰ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ምትኩ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ያለው ደረቅ የሣር ቅሪት ብቻ ነው።

«መምህር፣ ሣሩ ታጭዷል። ዘላይ የለችም» አለችው።

«አውቃለሁ። በታጨደ ማግስት በአጥሩ ሳልፍ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው መጡ?»

ምትኩ አቀረቀረ።

«ስምሽ በሰው አፍ እንዳይገባ ብዬ ለአባትሽ ዋሸሁ። ሣሩን ሳይ እንደሰማሽኝ ገባኝ፤ ከዚያ በምን ፊቴ ልምጣ? መቅረቱን ግን አልቻልኩም... ሐረገወይን፣ የመጣሁት አንቺን ለማየት ነው። ከፈቀድሽ ሽማግሌ ልላክ።»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሣሩ እስኪበቅል አይጠብቁ» አለችው።

የምትኩ ሽማግሌዎች በማግስቱ መጡ። የትክል ድንጋዩ ሰው በክብር እንቢ ተባለ፤ ከፋሲካ በኋላም ተጋቡ።

ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ መልሶ አጥሩን ሞላው። አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ዘላይዋ መጥታ ዐረፈች። እንደ ልማዷ ሐረገወይን ቀድማ አየቻት። አሁን ግን ዝም አላለችም፤ የባሏን ክንድ ነካ አድርጋ አሳየችው። አይቶም የትም አልሄደም።