ጉበኑ ላይ የተሰካው ሣር

የኦቦ ቦጂያ ሬሳ ሐይቁ ዳር ተጋድሞ፣ ከጋቢያቸው ውሃ እየተንጠፈጠፈ ነበር። ሁለት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ መላጣ ራስ ግዙፍ አሞራዎች፣ ራቅ ብለው እንደ ለቀስተኛ አቀርቅረው ቆመዋል። ደጊቱ ልታባርራቸው ድንጋይ አነሳችና መልሳ ጣለችው። አባቷ ትናንት በእነዚሁ አሞራዎች ሲስቁ ነው የዋሉት። «እነዚህስ የሰፈራችን የዓለም ገና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ካፖርት ለብሰው እርቅ ሊያወርዱ የመጡ!» ብለው ነበር።

ሐዋሳን እንዲያዩ ያመጣቻቸው እሷ ናት። «አባባ ሐይቅ ሳያዩ መሞት የለባቸውም» ብላ ወንድሟን ሞቲን የለመነች እሷ፣ ጎረቤታቸውን ጋሽ ዲኖን ያግባባች እሷ፣ የጋሽ ዲኖ ልጅ ኡዘይር በሚኒባሱ እንዲያደርሳቸው ያደረገች እሷ። አሁን ሐይቁን አይተው ሞቱ።

ሽማግሌው እሺ ያሉት ለዓሣው ሲሉ ነው። ከዲኖ ጋር በአንድ አጥር ሸምግለው፣ በሠርጉም በኀዘኑም የእስላም ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ ሲቀርብ፣ ከአንድ ትሪ ሥጋ ቆርሰው አያውቁም። «ዓሣ አራጅ የለውም፤ ባርኮ የሚሰጠው ውሃው ነው» ብለው ትናንት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ውስጥ ከዲኖ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ ክንዶቻቸው ከአገጫቸው በላይ አይወጡም። ስለዚህ ጉርሻ ሲሰጡ ጋሽ ዲኖ ነበሩ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው የሚቀበሏቸው።

«አንተ እስላም፣ ዛሬስ ሰገድክልኝ!»

«ለዓሣው ነው እንጂ ለአንተማ!»

ከሰዓት በኋላ ከተማውን ሲዞሩ፣ በአንድ መንገድ ላይ ሲዳምኛው፣ ወላይትኛው፣ ጉራጊኛው፣ አማርኛው ሲቀላቀል ሰሙ። አንዲት አቮካዶ ሻጭ ከዘራቸውን አይታ፣ አነጋገራቸውን ሰምታ፣ «አካም ጅርቱ፣ አባ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው፣ «ይሄ ከተማ ዘመዴ ኖሯል እንዴ?» ብለው እንደ ልጅ ፈነደቁ።

ይኼ ሁሉ ትናንት ነበር።

ኢንስፔክተር ዕድላዊት ስትመጣ፣ እነ ደጊቱ ያረፉበት ሎጅ ዘበኛ ሮጦ ተቀበላት። «ይሄ ልጅ ነው፣ ኢንስፔክተር! ውሃው ውስጥ ሽማግሌውን ጨብጦ አየሁት። ማታም እራት ላይ ‹ልትገድለኝ ነው ወይ?› ብለው ሲጮሁበት እንግዳው ሁሉ ሰምቷል።»

ኡዘይር እጁ በካቴና ታስሮ፣ እስከ ደረቱ ርሶ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ስለ አነዳዴ እኮ ነው!» አለ። «ዝዋይ ጋ አይሱዙ ስቀድም ደንግጠው፣ እራት ላይ አነሱብኝ። ዛሬ ሱብሒ ሰግጄ ከመስጊድ ስመለስ ጋቢያቸውን ውሃው ላይ አየሁት። ዘልዬ ገባሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ዕድላዊት ወደ ሬሳው ዞረች። አጠር ያለች፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የጭንቅላቱን ኋላ ዳሰሰች፤ ቆስሏል። ቀኝ እጁን ገለጥ አደረገች። ጭብጡ ውስጥ በነጭ ክር የታሰረ ለምለም ሣር አለ። ከዚያ የጋቢውን ዳር እንደ ሸማ ነጋዴ በጣቶቿ መካከል እያሳለፈች ዞረች፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆም አለች።

ደጊቱ የነጠላዋን ጫፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ጉያዋ ውስጥ የተሸሸገው ነገር ገላዋን አቀዘቀዘው።

ጠዋት ጩኸቱን ሰምታ ከክፍሏ ስትወጣ፣ ከሞቲ በር ጉበን ላይ የተሰካ እርጥብ ሣር አየች። በእነሱ ቤት ወግ ነው፤ አባቷ ከመልካ፣ ከውሃ ዳር ምስጋና አድርሰው ሲመለሱ፣ ውሃ የነካው ሣር በር ላይ ይሰካል። ተንጠራርታ አወረደችና ጉያዋ ከተተችው። «አባባ ሰክተውት ተመልሰው ወርደው ነው» አለች ለራሷ። ካቴናውን ስታይም ደግማ እንዲሁ አለች። ኡዘይር እንደታሰረ ከቀረ ግን የአባቷን ሬሳ ይዞ ማን ይነዳል? ጋሽ ዲኖን በየትኛው ዓይኗ ታያቸዋለች?

ዕድላዊት ሁሉንም በየተራ አነጋገረች። ሞቲ ከክፍሉ ደጃፍ ቆሞ መለሰላት።

«ተኝቼ ነበር። ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ከአባትህ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ጠብ አይባልም። ፉሪ ያለውን እርሻችንን እንሽጠው ስላቸው፣ ‹እኔ ሳልሞት አይሆንም› ይላሉ። የትም ቤት ያለ ነው።»

እየሰማችው ዓይኗ ከራሱ በላይ፣ ጉበኑ ላይ አረፈ። ሞቲ ረጅም ነው፤ በሩን ሲወጣ ጎንበስ ይላል።

ከኦቦ ቦጂያ ጋር አንድ ክፍል ያደሩት ጋሽ ዲኖ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሲወጡ ሰምተዋል፣ አባቴ?»

«ሰምቻለሁ። ‹ወዴት ነው?› ብዬ ስጠይቀው፣ ‹እንዲህ ያለ ውሃ አይቼ ሣር ሳላስነካ አልሄድም› አለኝ። ጉልበቴ መስጊድ ለመሄድ እንቢ ስላለኝ እዚሁ ሰገድኩ።»

«እሳቸው ለእርስዎ ሣር ሰጥተዎት ያውቃሉ?»

«ለእኔ?» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እሱ ሲያመሰግን እኔ ዳር ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እኔ ስሰግድ እሱ ጫማዬን ይጠብቅልኛል። አይሰጠኝም፤ አልጠይቀውም። እንከባበር ነበር።»

«ሌላ ያዩት ነገር አለ?»

ጋሽ ዲኖ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ያየሁትንማ አላህ ያውቃል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዕድላዊት ሁሉንም በሎጁ ግቢ ካለው ወርካ ሥር፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሐይቁ እንዳልሰማ ሰው ዝም ብሎ ያብረቀርቃል።

«ከዘበኛው ቃል ልጀምር» አለች። «ኡዘይር ውሃ ውስጥ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ሟች ከቆሙበት ከዚያ ከውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ሰው የሚገፋ አይረጥብም። እስከ ደረቱ የሚረጥበው ሊያወጣ የገባ ነው።»

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ።

«ሁለተኛ፣ ሟች የቆሰሉት ኋላቸውን ነው። ሐይቁን እያዩ ቢያንሸራትታቸው ኖሮ ወደ ፊት ይደፉ ነበር። ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው ነበር ማለት ነው። ያ ሰው ማን ነው? ጋቢያቸው ይነግረናል። ከዳሩ ሁለት ቦታ ላይ ክር ተመዟል፣ ትኩስ ነው። አንዱ እጃቸው ውስጥ ያለውን ሣር አስሯል። ሌላውስ?»

ሞቲ መሬት መሬት ያያል።

«ሁለተኛ ሣር ነበረ። ለጋሽ ዲኖ አይሰጡም፤ ለኡዘይርም እንዲሁ። ስለዚህ ለራሳቸው ልጅ ነው፤ ወይ ለደጊቱ፣ ወይ ለሞቲ። ከሞቲ በር ጉበን ስንጥቅ ውስጥ ይሄን አገኘሁ።» በመዳፏ ላይ አንዲት አረንጓዴ ዘለላ ነበረች። «እዚያ የነበረውን አንድ ሰው አውርዶታል። ማን እንዳወረደው ላስፈትሽ እችላለሁ። ግን ራሱ ቢያመጣው እመርጣለሁ።»

ደጊቱ ኡዘይርን አየችው፤ ካቴናው አንጓውን ልጦታል። ልጅ ሳለ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ እናቷ ማዕድ ላይ የሚገኘው ኡዘይር። ከዚያ ወንድሟን አየችው። እጇ ጉያዋ ገባ። ሣሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው ነጠላዋ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

«አባትሽ የሰኩት ይመስልሻል?» አለቻት ዕድላዊት በቀስታ።

«እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር።» ሣሩን ወደ ዕድላዊት ገፋ አደረገችው። «የአባባ እጅ እዚያ አይደርስም። ቤትም ቢሆን ለእሳቸው የሚሰካላቸው… ሞቲ ነው።»

ሞቲ ተቀመጠ።

«መረቁኝ» አለ። «ተከትያቸው ወርጄ፣ ሣሩን ውሃ አስነክተን፣ ጎንበስ ብዬላቸው ራሴን ዳብሰው መረቁኝ። ልባቸው የለሰለሰ መስሎኝ የእርሻውን ነገር አነሳሁ። ‹ከምርቃት ላይ ገበያ?› ብለው በከዘራቸው ደረቴን ነካ አደረጉኝ። ገፋኋቸው። ሲወድቁ እጃቸውን ዘረጉልኝ… እኔ ሮጥኩ።»

«ሣሩን ለምን አልጣልከውም?»

«መርቀው የሰጡኝን?» ቀና ብሎ አያት፤ ጥያቄው በእውነት የገረመው ይመስላል። «እጄ ራሱ ሰካው።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ዞረ። ሞቲ ሲወሰድ እህቱን አላያትም፤ እሷም አልጠራችውም።

ሐኪም አይቶ ሬሳው ሲሰጣቸው ፀሐይ ወደ ማዶው ተራራ ዘንበል ብላ ነበር። ሚኒባሱ በር ላይ ደጊቱ ስትቆም፣ ጋሽ ዲኖ እያነከሱ ከሐይቁ ዳር መጡ። መዳፋቸው ውስጥ የተነጨ ሣር አለ፤ ጫፉ ውሃ ነክቷል።

«እኔ ወጉን አላውቅበትም» አሉ። «ግን ቦጂያ ከውሃ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። እንኪ።»

ሣሩን መቀበል አቃታት። «ጋሽ ዲኖ፣ እኔ እኮ ሣሩን ደብቄ ልጅዎን…»

«አውቃለሁ። ጠዋት ስታወርጂው በመስኮት አይቼሻለሁ።»

ደጊቱ ቀና አለች። «አይተው ነው ኡዘይር ታስሮ ዝም ያሉት?»

«እኔ ብናገር ልጄ ይፈታል፤ አጥራችን ግን ግንብ ይሆናል። አንቺ እንድትናገሪ ጠበቅሁሽ።» ሣሩን መዳፏ ላይ አኖሩት። «ቆየሽብኝ እንጂ።»

ከነጠላዋ ዳር ክር መዘዘች፤ እንባዋ እየጋረዳት ሣሩን አሰረችና አባቷ ደረት ላይ አኖረችው። ኡዘይር የተላጠ አንጓውን እያሻሸ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደተሸፈነው ሬሳ ዞረ።

«ኦቦ» አለ፣ «ዛሬ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»