የመጨረሻው ጅብ ጉልበት

የዲንሳን አስከሬን ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያገኙት እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የወጡ ሰዎች ናቸው። የካቲት 2009 ዓ.ም. ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከገደሉ አፋፍ ተገፍትሮ ወድቋል። ጉዳዩ ኢንስፔክተር ብዙነሽ እጅ ሲገባ እጮኛው ወንጌል ታስራ ነበር።

ሟቹ ከሦስት ጓደኞቹ ማለትም ከወንጌል፣ ከቢንያምና ከፊልሞና ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የስልክ ጨዋታ ይሠራ ነበር። ተጫዋቹ ጫካ ለጫካ እየዞረ አውሬ ይሰበስባል፣ ያሠለጥናል፤ መጨረሻ ላይ ልጆቹ «ቦስ» የሚሉት ግዙፍ ጅብ ይጠብቀዋል። የጅቡን ጉልበት የሚመጥነው ዲንሳ ነው።

«ልኩ በምን ይታወቃል?» ብላ ብዙነሽ አለቃቸውን ፊልሞናን ጠየቀችው።

«ሦስቴ አሸንፎዎት በአራተኛው ከወደቀ ልክ ነው። ቶሎ ከወደቀ ይሰለቻል፤ ጭራሽ እንቢ ካለ ደግሞ ሰው ጨዋታውን ይተወዋል። ዲንሳ ጉልበቱን ይቀይርና ወንጌልና ቢንያም ስልክ ላይ ይጭነዋል። ምን እንደቀየረ ትንፍሽ አይልም። ተጫውተው ያዩትን ይነግሩታል።»

ፊልሞና ቅዳሜ ቸርች የመዝሙር ልምምድ ላይ ነበር፤ መዘምራኑ ሁሉ መሰከሩለት። ወንጌልና ቢንያም ግን በየቤታችን ብቻችንን ስንጫወት ዋልን ባዮች ናቸው።

«ሦስቴ ተሸንፌ በአራተኛው ጣልኩት» አለ ቢንያም ዘና ብሎ። «አሪፍ ተመጥኗል።»

ወንጌልን እስር ቤት አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል።

«እስኪመሽ ታገልኩት፣ አልቻልኩም። ያሰሩኝም ለዚህ ነው፤ ቢንያም ከጣለው አንቺ አልተጫወትሽም አሉኝ።»

«ጣልኩት ብትዪስ ኖሮ?»

«አልጣልኩትማ።»

ብዙነሽ ይህን መልስ ወደደችው። የልጅቷን ስልክ ቢሮዋ ወስዳ ራሷ ገጠመች። ጅቡ ይቆስላል፣ ወዲያው ድኖ ይነሳል፣ እንደ ሰው ይጮኻል። ቢሮዋን ቆልፋ ከወጣች በኋላም ጩኸቱ ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

በማግስቱ ወንጌልን በካቴና በፖሊስ አስመጥታ ሦስቱንም አባዶ ሥራ ቦታቸው ሰበሰበቻቸው። የዲንሳ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ቢንያም፣ እንደ ቅዳሜው ጣለው እስቲ።»

ልጁ ስልኩን አወጣና ጀመረ። ጅቡ ተመታ፣ ተነሳ፣ ጮኸ። ወንጌል የታሰሩ እጆቿን ወደ ጆሮዋ አነሳች።

«ድምፁ የዲንሳ ነው» አለ ፊልሞና ቀስ ብሎ። «ራሱ ነው ጮኾ የቀዳው።»

ቢንያም ደጋግሞ ሞከረ። ጅቡ በተመታ ቁጥር ይነሳል።

«ተወው፣ ማንም አይጥለውም» አለች ብዙነሽ። «ፊልሞና ትናንት የጨዋታውን ውስጥ ከፍቶ አሳይቶኛል። ዲንሳ ቅዳሜ ጠዋት የጅቡ ቁስል ሁሉ ወዲያው እንዲድን አድርጎታል። ስለዚህ አልቻልኩም ያለችው ተጫውታለች፤ ጣልኩት ያለው ጨዋታውን አልከፈተውም። የዲንሳን ልክ በቃልህ ስለምታውቀው እሱኑ ደገምክልን። ቤትህ ካልነበርክ የት ነበርክ ብዬ ፎቶህን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። የእንጦጦ ታክሲ ረዳት ቅዳሜ ከዲንሳ ጋር እንደወረድክ አስታወሰ።»

ቢንያም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለወራት ሳልጫወት ነበር አየሁ እያልኩ የምነግረው። እዚያ ላይ ሆነን ‹ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ፣ ዛሬ ይለያል› አለኝ። እንዴት እንደሚለይ አልነገረኝም። ከሥራ ሊያስወጣኝ ነው ብዬ ፈራሁና ገፋሁት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከወንጌል እጅ ፈትቶ ለእሱ አደረገው።

«በቃ፣ ነፃ ነሽ» አለቻት ብዙነሽ።

ወንጌል ከወንበሯ አልተነሳችም። ቢንያምን ነበር የምታየው።

«‹ከሁለታችሁ› ነው ያለህ?»

«አዎ።»

ስልኩ ውስጥ ጅቡ አሁንም ይጮኻል።

«እኔንም ተጠራጥሮኝ ሞተ» አለች።

ብዙነሽ እጇን ሰድዳ ስልኩን አጠፋችው።