ባዶው መደርደሪያ

መርማሪዋ የእናቷን ግራ እጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጥፍራቸውን በቀስታ ትቆርጣለች። እናትየው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ሌላኛዋን ልጃቸውን ያነሳሉ።

«እህትሽ ብትሆን መጀመሪያ በሞቀ ውሃ ትዘፈዝፈው ነበር።»

«እህቴ ባሕር ማዶ ናት፣ እማዬ። የምትደውለውም ሲመቻት ነው።»

«ሲመቻትም ትደውል፤ ድምፅዋ ማር ነው።»

መርማሪዋ ወደሚቀጥለው ጣት አለፈች። ደረቷ ውስጥ የለመደቻት ትንሽ እሾህ ወጋ አድርጋት አለፈች። ስልኩ ሲጮኽ የቀረችው ትንሿ ጣት ብቻ ነበረች፤ እሷንም ጨርሳ፣ እጁን በፎጣ ጠርጋ ነው ያነሳችው።

ሥጋ ላኪው ድርጅት ከወደቡ አጥር ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። በግራ ክንፉ የአሳማ ሥጋ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ተከምሮ መርከብ ይጠብቃል። በቀኝ ክንፉ የበሬ ሥጋ አየሩ በተመጠጠ ላስቲክ ታሽጎ፣ ሳይጠጥር፣ ቀዝቅዞ ብቻ ይቀመጣል። በሁለቱ መሐል ለገዢዎች የሚላከው ሥጋ የሚውልባት ጠባብ የናሙና ክፍል አለች። የበሬ ሥጋ ክፍል ኃላፊው ጠዋት በሩን አልፎ ብዙም ሳይርቅ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው እዚያ ነው። ገበያውን ቀድሞ ያውቃል ተብሎ ሠራተኛው «ጠንቋዩ» ይለው ነበር።

«ልብ ነው እንዳልል በቅርቡ ተመርምሮ ጤነኛ ነህ ተብሏል» አለ ቀድሞ የደረሰው አስር አለቃ። «ቁስል የለውም። ገዳዩን ግን ይዘነዋል ማለት ይቻላል።» በአገጩ ወደ ኮሪደሩ አመለከተ። አንድ ግዙፍ ሰው በሁለት ፖሊሶች መሐል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። «የአሳማ ሥጋ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ነጎድጓድ ይሉታል፣ በድምፁ። ትናንት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ‹አንድ ቀን ከነበሬህ ደርቀህ ትገኛለህ› ብሎታል። የድርጅቱ ባለቤት ሽማግሌው ጠንቋዩን ሸሪካቸው ሊያደርጉት መሆኑን ሲሰማ ነው ያበደው። ዛሬ ፈረቃዬ ሳያልቅ ጣቢያ አስገባዋለሁ።»

«እስከዚያ ጊዜ አለን» አለች መርማሪዋ፤ የሰጧትን ነጭ ካፖርት ለብሳ ገባች።

ክፍሉ እንደ ወጥ ቤት ፍሪጅ ነው፤ ከዚያ አይብስም። ግድግዳው ላይ ሦስት መደርደሪያ አለ፤ ከላይኛው በላይ ፋን ይዞራል። የታችኛውና የመካከለኛው መደርደሪያ ባዶ ናቸው። የበሬ ሥጋው እሽግ ሁሉ ላይኛው ላይ ተጨናንቋል፤ ቢጨናነቅም እያንዳንዱ ጮማው ወደ ላይ ሆኖ፣ በየመሐሉ ስስ ካርቶን ገብቶለት ነው። ማዕዘኑ ላይ የወለል መወልወያ ጨርቅ ወድቋል። ልታነሳው ብትሞክር ከወለሉ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለ፤ ስትስበው እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ መጣ።

«ይህ ክፍል ውሃ ያረጋል?» አለች።

አስር አለቃው በሩ ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አየ። «ከዜሮ በላይ ነው።»

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

ሬሳውን ያገኘችው ጸሐፊዋ ናት፤ የነጎድጓድ ሚስት። መሐረቧን በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«በሩን ስከፍት አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ።»

«ሽታ ነው?»

«ሽታ የለውም። ለስላሳ ቶሎ ጠጥተው በአፍንጫዎ ሲወጣ እንዴት ነው? ልክ እንደዚያ። ራሴን አዞረኝ፤ እሱን መሬት ላይ አየሁና በሩን ወለል አድርጌ ትቼ ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም፤ ፖሊሱ መጣ።»

«ትናንት መጨረሻ የወጣው ማን ነው?»

ወደ ኮሪደሩ ሰረቅ አድርጋ አየች። «እኔና ሟቹ። በሩን ሲቆልፍ አጠገቡ ነበርኩ። ቁልፉን እንደ ሁልጊዜው ኮሪደሩ ላይ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።»

«ሥጋው የት ነበር?»

«ታች ነዋ። ሁሌም ታች ነው፤ ላይ ከሆነ ፋኑ በቀጥታ እየመታ ያደርቀዋል።»

«ሌላው ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ከሱ ጋር ምን ነበራችሁ?»

እንባዋ መጣ። «ወደ በሬ ክፍል አዛውረኝ ብዬ ስለምነው ነበር። የአሳማው ገበያ ሞቷል፤ የባለቤቴ ክፍል ከተዘጋ አንዳችን እንኳ ሥራ ይኑረን ብዬ። ለባለቤቴ እንዴት ልንገረው? በነፋስ የሚቀና ሰው ነው። ይጮኻል እንጂ ሰው አይነካም፤ ሸረሪት እንኳ በብርጭቆ ይዞ ነው ውጭ የሚያወጣው። እባክዎ አያስሩብኝ።»

ነጎድጓድ ገብቶ ሲቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ።

«አዎ፣ እቀናለሁ!» አለ ሳይጠየቅ። «ምን ልበል? ያኔ የባሕር ማዶዎቹ አሳማ በበሽታ ሲያልቅ የዚህ ቤት ንጉሥ ማን ነበር? እኔ! መርከብ እንጂ ገዢ አጥቼ አላውቅም። ይኼ ሟርተኛ ጥግ ይቀመጥና ‹ይህ ያልፋል› ይላል።»

«አለፈ?»

«አለፈ።» ድምፁ ወረደ። «አሳማቸውን መልሰው አራቡ፤ በላዩ ቀረጥ ጫኑብን፤ ሥጋዬ ፍሪዘር ውስጥ ቁጭ አለ። ትልልቆቹ ከብት አርቢ አገሮች ደግሞ ድርቅ መታቸውና መንጋቸው አለቀ፤ የሱ በሬ ሰማይ ነካ። ሚስቴ እንኳ ስለሱ ስታወራ ዓይኗ ይበራል።»

«ደረቅ በረዶ የሚጠቀመው ማን ነው?»

«እኛ ብቻ። የአሳማ ናሙና በአውሮፕላን ስንልክ እንዳይሟሟ ከሱ ጋር እናሽገዋለን። በሬዎቹ አይነኩትም፤ ሥጋቸው አንዴ ከጠጠረ ገዢው ይመልስባቸዋል። ሣጥኑ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ቁልፍም የለው። ማን ይሰርቀዋል?»

አብረው ወጡ። ነጎድጓድ የሣጥኑን ክዳን አነሳ፤ ቤቱ እስኪናጋ ጮኸ። «ትናንት ሞልቶ ነበር እኮ! ግማሹ የት ሄደ?»

አስር አለቃው ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። «በገዛ አፉ!» አለ።

«ትንሽ ቆይ» አለችው መርማሪዋ። ካቴናው ግን ወደ ወገቡ አልተመለሰም።

መጨረሻ የገባው የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። ለገዢ የሚሄደውን ሥጋ በጣቱ እየዳሰሰ ስለሚለይ «መራጩ» ይሉታል። ነጭ ካፖርቱ እድፍ የለበትም። ጉልበቱ ላይ ያኖራቸው እጆቹ እንደ ሐኪም እጅ ናቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን። ‹ጋሼ› ነበር የሚለኝ፤ እዚህም፣ ቤትም። ቢላ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።» የካፖርቱን እጅጌ አቃና። «ሰው ይወደው ነበር። ገና ከበር ሲገባ ይወዱታል። እንደሱ ያለ ሰው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።»

መርማሪዋ ቀና አለች። ያቺን የራሷን እሾህ በሌላ ሰው ጉሮሮ ስትናገር የሰማቻት መሰላት።

«ናሙና ክፍሉ መጨረሻ የገቡት መቼ ነው?»

«ትናንት ከምሳ በፊት። ሥጋውን ታች ደርድሬ ወጣሁ። ዛሬማ ፖሊሱ መቼ ያስጠጋል?»

እሷም እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰች። «በሩ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው የዋለው። ያን የመሰለ ሥጋ ይበላሽ ይሆን?»

«ግድ የለም፣ አይሞቀውም። ብቻ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ብዙ አይቆይ፤ ፋኑ ያደርቀዋል። ወደ ታች ቢመልሱት ጥሩ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለች መርማሪዋ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ናሙና ክፍሉ ደጃፍ ካለው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ፎቶግራፉም አልቋል። ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ፤ ወንበር ቢሰጧቸው እምቢ አሉ። መርማሪዋ ነጎድጓድን አንዳንድ እሽግ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ እንዲያኖር ለመነችው። እሱም እንደ ልማዱ እንደ ጡብ እያንኳኳ ይከምረው ጀመር።

«ኧረ ቀስ!» አለ መራጩ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ። «ጮማውን ወደ ላይ! በላዩ አትጫነው!»

«እሺ ጋሼ፣ ምን አስቆጣዎት?» አለ ነጎድጓድ ግራ ገብቶት።

«ይበቃል፣ ተቀመጥ» አለችው መርማሪዋ። «ከጸሐፊዋ አፍንጫ እንጀምር። ሽታ የሌለው፣ እንደ ለስላሳ የሚቆነጥጥ ጋዝ ነው ያገኛት። ደረቅ በረዶ ውሃ አይደለም፤ የዚያው ጋዝ ጥጥር ነው። አይረጥብም፤ በንኖ ይጠፋል። በጠባብ ዝግ ክፍል ውስጥ ሲበን ለሰው የሚተነፈስ አየር አያስቀርም። ትናንት ሁለቱ ከወጡ በኋላ አንድ ሰው ቁልፉን ከምስማሩ አንስቶ ገባ፤ ከሣጥኑ ያመጣውን በረዶ ደቁሶ ወለሉ ላይ በተነው። ጠንቋዩ በየጠዋቱ ቀድሞ እንደሚገባ የማያውቅ የለም። በረዶው በንኖ አለቀ፤ ያ ጨርቅ ግን ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ቀረ።»

«በረዶው የማን እንደሆነ ታውቋል» አለ አስር አለቃው።

«በረዶውን ማንም ማንሳት ይችላል። እኔን ያስቸገረኝ ሥጋው ነው። ማታ ታች ነበር። ጠዋት ሁሉም ላይ ነው፣ ፋኑ በሚመታው ቦታ። ማንም ሰው እዚያ የሚያወጣው ከፋኑ የባሰ ቅዝቃዜ ከታች እንደሚመጣ ካወቀ ብቻ ነው።»

«ሟቹ ራሱ አውጥቶት ቢሆንስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ማታ ሲወጣ ታች ነው የተወው፤ ጸሐፊዋ አይታለች። ጠዋት ደግሞ በሩ አጠገብ ነው የወደቀው፤ መደርደሪያው ጋ አልደረሰም። ነጎድጓድ ቢሆን ኖሮ የተቀናቃኙ ሥጋ ድንጋይ ሲሆን ቆሞ ይስቅ ነበር። ገዳያችን ግን ሰው ሊገድል መጥቶ፣ በረዶውን ከመበተኑ በፊት እሽጎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ አወጣ። ጮማቸውን ወደ ላይ አደረገ፤ በየመሐላቸው ካርቶን አስገባ። በገዛ እጁ መርጦ ያሰናዳውን ሥጋ ማበላሸት አልሆነለትም።» ወደ መራጩ ዞረች። «ከትናንት ምሳ በፊት ጀምሮ አልገባሁም ብለውኛል። ያኔ ሥጋው ታች ነበር፣ ራስዎ ነዎት የደረደሩት። ታዲያ አሁን ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ማን ነገረዎት?»

መራጩ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በጎን የወደቀውን አንድ እሽግ አቃንቶ ጮማውን ወደ ላይ አደረገው።

«እራት ላይ ነበር» አለ። «‹አሳማ ቶሎ ይራባል፣ የባሕር ማዶዎቹ በረት በአጭር ጊዜ ይሞላል። በድርቅ ያለቀ ከብት ግን ጥጃው እስኪደርስ ዓመታት ነው። በበሬው እንግፋ› አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት! በማግሥቱ ስብሰባ ላይ እሱ ተናገረው። ከዚያ ወዲህ ጠንቋዩ፣ ጠንቋዩ! በኔ ጥንቆላ ለሱ ሲጨበጨብ እኔ ቢላ እስላለሁ። አሁን ደግሞ ሸሪክ።»

የሽማግሌው ከዘራ ወለሉን ነካች።

«ያንተ መሆኑን ያኔውኑ ነግሮኛል» አሉ። «‹ሐሳቡ የጋሼ ነው፤ ወንበሩም ለሱ ይገባል› ብሎኝ ነበር። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። አንተን ቢሮ ካስገባሁህ ሥጋውን ማን ይመርጥልኛል ብዬ።»

መራጩ ሽማግሌውን ረጅም ጊዜ አያቸው። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ለቀቀው፤ የሚይዘው ያጣ ይመስል እጆቹን ተመለከተ።

«ሥጋውን አድነውታል» አለች መርማሪዋ። የቀረውን ልትለው አልቻለችም።

ካቴናው በመጨረሻ የገባው እነዚያ ንጹሕ እጆች ላይ ነው። አስር አለቃው ነጎድጓድን ሳያይ አለፈው፤ ሽማግሌውም ከኋላቸው ወጡ።

መርማሪዋ ለማስረጃ የምትፈልጋቸውን እሽጎች ለይታ በከረጢት አስገባች። «የቀረውን መልሱት» አለች።

ነጎድጓድ እንደ ቆመ ነው። «ትናንት ከሱ ጋር ስትወጪ አይቼሽ ነበር» አለ ለሚስቱ፤ ድምፁ ሹክሹክታ ሆኖ።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«መልሱን ፈርቼ።»

«ሥራ ነው የለመንኩት። የአሳማው ነገር ካበቃ የምንበላው እንዳናጣ ብዬ። አንተን እንዳይከፋህ ነው የደበቅኩህ፣ የኔ ሞኝ።»

ነጎድጓድ ጓንቱን አጠለቀ። አንድ እሽግ በሁለት መዳፉ አንስቶ ወደ ናሙና ክፍሉ ይዞ ገባ፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አኖረው፤ ተጠራጥሮ ቀና አለ።

«እንዲህ ነው?»

«አዙረው። ጮማው ወደ ላይ።»

አዞረው። እሷ እያቀበለችው፣ እሱ እያጎነበሰ፣ አንዱን ከሌላው ሳይጭን ደረደረ። የመጨረሻውን ካስተካከለ በኋላ ጓንቱን አወለቀ፤ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አኖረው።